«በቃኝ» ማለት «ግደሉኝ» ማለት ነው? በሐኪም ስለሚታገዝ ሞት

ታናሽ ወንድም፦

ታላቅ ወንድሜ የሞተው ኤ.ኤል.ኤስ በሚባለው የነርቭ ሕመም ነው። ይህ ሕመም ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ እየገደለ እጅን፣ እግርን፣ ምላስን፣ በመጨረሻም ትንፋሽን ይነጥቃል፤ አእምሮን ግን በአብዛኛው ሳይነካ ይተወዋል። ወንድሜ የመጨረሻውን ዓመት የኖረው በጉሮሮው በገባ ቱቦ ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ከእኛ ጋር የሚነጋገረውም በዓይኑ ብቻ ነበር። በትልቅ ካርቶን ላይ የጻፍኩትን የፊደል ገበታ ፊት ለፊቱ እይዝለታለሁ፤ ጣቴን ከ«ሀ» ጀምሬ ወደ ታች ሳወርድ የሚፈልገው ፊደል ላይ ስደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ከግዕዝ ወደ ሳብዕ በአግድም ስሄድ እንደገና ይጨፍናል። ቃሉን ሲጨርስ ዓይኑን ከገበታው አንሥቶ እኔን ያየኛል፤ ያ «ጨርሻለሁ» ማለት ነው።

አንድ ምሽት ሦስት ፊደላት ጻፈ፦ በ፣ ቃ፣ ኝ። እኔ ከዚያ በላይ መቋቋም አልቻልኩምና ገበታውን አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ለሐኪሙ ነገርኩት። ሐኪሙም አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ከፈለገ መሣሪያው እንዲቋረጥለት የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ ያን ጊዜም በትንፋሽ እጥረት እንዳይጨነቅ መድኃኒት እንደሚሰጡት፣ ነገር ግን ሕይወቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ቢጠይቅ ሕጉም የሙያው ሥነ ምግባርም እንደማይፈቅድላቸው በትሕትና አስረዱት። ወንድሜ ገበታውን ጠየቀና ረጅም ጊዜ ወስዶ «ልዩነቱ ምንድን ነው» ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ «አንደኛው ሕመሙ መንገዱን እንዲጨርስ መተው ነው፤ ሌላኛው መግደል ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ነገሩን አላነሣም፤ መሣሪያው እንዲቋረጥም አልጠየቀም። ከሁለት ወር በኋላ በሳንባ ምች አረፈ።

የእኔ ጥያቄ የእሱ ጥያቄ ነው። ሁለቱም የሚያልቁት በሞት ከሆነ፣ ሁለቱም በታካሚው ፈቃድ ከሆኑ፣ ሁለቱም በሐኪም እጅ የሚፈጸሙ ከሆነ፣ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ አልጋው አጠገብ የቆምነው ሰዎች ኅሊናችንን የምናሳርፍበት? ሕግ ይህን ቢፈቅድስ ርኅራኄ ነው ወይስ ማንም ሊዘጋው የማይችል በር መክፈት? እንድታጽናኑኝ አይደለም የምጽፈው፤ ያሰባችሁበት ሰዎች ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም፦

ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። ሥራዬ የማይድኑ ሕሙማንን እስከ መጨረሻው ማስታመም ስለሆነ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ባልደረባዬ የሰጡት መልስ ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ለዚያ ሰው አጥሯል።

መሣሪያው ሲቋረጥ የሚገድለው ሕመሙ ነው የሚባለው ለማምለጫ አይደለም። ማንኛውም አእምሮው የተስተካከለ ሰው በገላው ላይ የሚደረግን ሕክምና እንቢ የማለት መብት አለው፤ እኔ ያለ ፈቃዱ ቱቦ ላስገባበት እንደማልችል ሁሉ፣ ፈቃዱን ሲያነሣም የገባውን ቱቦ በግድ ላቆይበት አልችልም። ሕይወትን የማጥፋት ጥያቄ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዱ «ተወኝ» ነው፤ ሌላው «አድርግልኝ» ነው። «ተወኝ» ያለኝን ሰው መተው ግዴታዬ ነው፤ «አድርግልኝ» የተባልኩትን ሁሉ የመፈጸም ግዴታ ግን የለብኝም። ሥቃይን ለማስታገስ የሚሰጥ መድኃኒትም ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት፤ የምመጥነው በሥቃዩ ልክ ነው፣ የምቆመውም ሥቃዩ ሲቆም ነው። ይህን መለየት ጥብቅ የሚባሉ የሃይማኖት መምህራን ሳይቀሩ ይቀበሉታል፤ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ዓላማው ሥቃይን ማስታገስ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ ሊያሳጥር የሚችል መድኃኒት እንኳ ሊሰጥ እንደሚችል ተናግረዋል። (በነገራችን ላይ ሞርፊን በልኩ ሲሰጥ ሞትን ያፋጥናል የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው መሠረት የለውም፤ ስንት ሰው በዚህ ፍርሃት ምክንያት በከንቱ ሲሰቃይ አይቻለሁ።)

እኔን ከልዩነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንድምዎ የጻፉት ቃል ነው። «በቃኝ» ለገበታ ይባላል፣ ለወሬ ይባላል፣ ለክርክር ይባላል፣ ለሕይወትም ይባላል። ወንበር ስቦ ተቀምጦ «ምኑ ነው የበቃዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ (የማይድኑ ሕሙማን የሚታመሙበትን ቤት) ስታቋቁም ያስተማረችን ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የሟች ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የኅሊና፣ የቤተሰብና የመንፈስም ጭምር በመሆኑ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው እንደማይቻል ነግራናለች። ከወንድምዎ ጋር ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት አንድ ታካሚ እንድሞት እርጂኝ ብሎኝ ያውቃል። ለቀናት እየተመላለስኩ ስጠይቀው የተረዳሁት፣ የሚያስፈራው ሌሊቱ መሆኑን ነው፤ አክታ ቢያንቀው ማንንም መጥራት አይችልም ነበር። በጉንጩ ንክኪ ብቻ የሚጮኽ ደወል ትራሱ ላይ አደረግንለት፤ ልጆቹም አክታ መምጠጥን ተማሩ። ጥያቄውን ከዚያ በኋላ አልደገመውም።

ሁሉም እንዲህ ያልቃል ብዬ ግን አልዋሽም። ደወሉም ተደርጎለት፣ ሥቃዩም ታግሦለት፣ ቤተሰቡም ከጎኑ ሆኖ አሁንም «በቃኝ» ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ለእሱ በቂ መልስ አልነበረኝም። ያም ሆኖ ሐኪም በገዛ እጁ ሞትን እንዲሰጥ መፈቀዱን እቃወማለሁ፤ የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ ይህንኑ አቋም አጽንቷል። ታካሚው የምይዘው መርፌ ምን እንደሆነ ሳይጠራጠር እጁን ሊሰጠኝ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ያን ምሽት ከ«በቃኝ» በኋላ የጻፉት ሌላ ነገር ነበር?

ሕግ አንባቢ፦

ሐኪሟ «ተወኝ» እና «አድርግልኝ» ብለው መለየታቸው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልዩነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2002 የሆነውን ማየት ይበቃል። በመጋቢት ወር፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ በአንድ ፊደል ብቻ የተጠራች፣ ከአንገቷ በታች ሽባ የሆነች ሴት የመተንፈሻ መሣሪያዋ እንዲቋረጥላት ጠየቀች፤ ፍርድ ቤቱም ያለ ፈቃዷ በመሣሪያው ላይ ማቆየቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደላት፤ በሚቀጥለው ወር ዐረፈች። በዚያው ሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ፣ ከወንድምዎ ጋር አንድ ዓይነት ሕመም የነበረባት ዳያን ፕሪቲ፣ ባሏ እንድትሞት ቢረዳት እንዳይከሰስ ያቀረበችው አቤቱታ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነባት፤ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የፈራችውን የሚመስል ሞት ሞተች። የሁለቱም አእምሮ ሙሉ ነበር፤ የሁለቱም አካል አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። የለያቸው አንዷ የሚነቀል መሣሪያ ያላት፣ ሌላዋ የሌላት መሆኗ ነው። ወንድምዎ «ልዩነቱ ምንድን ነው» ሲሉ የጠየቁት ይህንን ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የለም ባልልም፣ የአንድን ሰው ዕጣ ለመወሰን የሚበቃ ክብደት እንዳለው እርግጠኛ መሆን ይከብደኛል።

ስለ ሕጎቹ ጥቂት ልበል፤ ሰዎች ሁሉንም አንድ አድርገው ስለሚያወሩ ክርክሩ ይደናገራል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲያዝ ብቻ ይፈቅዳል፤ የሚወስደው ታካሚው ራሱ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው። በኔዘርላንድስና በቤልጅየም ግን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ሊሰጥ ይችላል፤ ዩታኔዥያ በጥብቅ ትርጉሙ ይህ ነው፤ መስፈርቱም የሞት መቃረብ ሳይሆን ሊታገሡት የማይቻልና ተስፋ የሌለው ሥቃይ ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ የወንጀል ሕጉ ራስን ለማጥፋት መርዳትን የሚቀጣው ለግል ጥቅም ሲደረግ ብቻ ነው።

የኤ.ኤል.ኤስ ሕሙማን የእነዚህን ሕጎች ስንጥቅ ከማንም በላይ አሳይተውናል። ሱ ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ለካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ስትል፣ መሞት የፈለገችው ያን ጊዜ ሳይሆን ራሷን መርዳት በማትችልበት ጊዜ መሆኑን ተናግራለች። 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ተሸነፈች። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሙሉ ድምፅ ሐሳቡን ሲለውጥ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ፍጹም ክልከላ ሰዎችን እጃቸው እየሠራ ሳለ ከሚፈልጉት ቀን ቀድመው ራሳቸውን እንዲያጠፉ ሊያስገድድ ይችላል የሚል ነበር። ይህ ምክንያት እስካሁን ከኅሊናዬ አልወጣም። ሕይወትን ሊጠብቅ የወጣ ክልከላ ሕይወትን ያሳጥራል ማለት ነውና።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውም መነገር አለበት። የካናዳ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የሞት መቃረብን ይጠይቅ ነበር፤ በ2021 ይህ መስፈርት ተነሣ። የአእምሮ ሕመም ብቻ ያለባቸውን ሰዎች የሚመለከተው ክፍል ደጋግሞ ተራዝሞ ወደ 2027 ተገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ መንገድ የሞቱት 15,343 ሰዎች፣ ማለትም በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከሞቱት 4.7 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ በኔዘርላንድስ በዚያው ዓመት 9,068 ነበሩ። በኦሪገን ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ከመቶ አንድ አይሞላም። ችግሩ የሕግ አውጪዎች ክፋት አይመስለኝም፤ የምክንያቱ ጠባይ ነው። ለመፍቀድ የሚቀርቡት ሁለት ምክንያቶች ሥቃይና የራስ ፈቃድ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱም «ስድስት ወር» ላይ አይቆምም። አጥር በተሠራ ቁጥር ከውጭ የቀረው ሰው «የእኔ ሥቃይ በምን አነሰ?» ይላል፤ መልስ የለም። ስለዚህ ጠባብ ሕግ እደግፋለሁ ስል፣ ጠባብ ሆኖ የሚያቆየው ምን እንደሆነ መናገር እንደማልችል እያወቅሁ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር፦

ሕግ አንባቢው «የእኔ ሥቃይ በምን አነሰ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው አስበዋል። እኔ ማንም ሳልጠይቀው «የአንተስ ሥቃይ አይበዛም?» የሚባለው ሰው ነኝ።

በልጅነቴ በደረሰብኝ የአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እጅና እግሬ አይታዘዙኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ስገባ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ምኔን እንዳመመኝ ከመጠየቁ በፊት፣ ልቤ ቢቆም እንዲመልሱኝ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ርኅራኄ የሞላበት ነበር። እኔን ያስፈራኝ ያ ርኅራኄው ነው። የኦሪገን መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ሰዎች መድኃኒቱን የሚጠይቁባቸው ምክንያቶች ይዘረዘራሉ፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሚጠቅሱት ሥቃይን ሳይሆን ራስን አለመቻልን፣ ሕይወትን የሚያስደስቱ ነገሮችን ለመሥራት አለመቻልን ነው፤ ክብር ማጣትና ለቤተሰብ ሸክም መሆንም ተደጋግመው ይነሣሉ። ሰው ያጥበኛል፣ ሰው ያጎርሰኛል፣ ሰው ያገላብጠኛል። ይህ ክብር ማጣት ከሆነ እኔ ክብሬን ካጣሁ ዐሥርት ዓመታት አለፉ ማለት ነው፤ ነገር ግን አላጣሁትም።

ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1939 አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን መግደል ሲጀምሩ «የምሕረት ሞት» ይሉት ነበር። የዛሬዎቹን ሕጎች ከዚያ ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ እዚያ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ የምለው ፈቃድ በባዶ ቦታ አይበቅልም ነው። አንድ ጤነኛ ወጣት መሞት እፈልጋለሁ ቢል ሁሉም ይሯሯጥለታል፤ እኔ ብል «እውነቱን ነው» የሚለው ይበዛል። ሁለታችንም እኩል የምንጠበቅበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ይህን ሕግ አልደግፍም።

ነርስ፦

የምሠራው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ስለሆነ ከውስጥ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ከእኔ በፊት በተሽከርካሪ ወንበር ያሉት ሰው የጻፉት ከንክኖኛል፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለታካሚ ሲቀርብ እኔም ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ።

ያም ሆኖ ሕጉን እደግፋለሁ። ሰው «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብሎ የሚጸልየው የሞት ዓይነት ልዩነት እንዳለው ስለሚያውቅ ነው፤ ዩታኔዥያ የሚለው የግሪክ ቃልም «መልካም ሞት» ማለት ነው። በኦሪገን መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ሳይወስዱት ይሞታሉ፤ መውጫ እንዳለ ማወቅ ብቻ ለብዙ ሰው መቆያ ይሆነዋል። እኔ በቅርብ ያየኋት አንዲት ሴት የማኅፀን ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ በመጨረሻው ደቂቃ «አሁንም መተው ይችላሉ፤ ማንም አይቀየምዎትም» ሲላት፣ መስኮቱን እንድከፍትላት ጠየቀችኝና «አውቃለሁ፤ ልቀጥል» አለች። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መኪናውን መንዳት አቅቶት ኮሪደሩ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ነበር። ለእኛ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኔ የማልሻገረው መስመር ግን አለ። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት የመርሳት ሕመም የጸናባት ሴት ቀደም ብላ በጻፈችው ወረቀት መሠረት ሕይወቷ እንዲያልፍ ተደረገ፤ የሚያረጋጋው መድኃኒት ሳይነገራት ቡናዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ስትንቀሳቀስም ቤተሰቦቿ ይዘዋታል። ሐኪሟ ተከሳ ነጻ ወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ቀድሞ የተጻፈ ፈቃድ ሊበቃ እንደሚችል ወሰነ። ፍርዱን አነበብኩት፤ አልተዋጠልኝም። ወረቀቱን የጻፈችው ሴት ፈቃድ ነበራት፤ የተንቀሳቀሰችው ሴት ግን ምን ማለቷ እንደነበር የጠየቃት የለም።

ታናሽ ወንድም፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኳችሁ።

ሕግ አንባቢው ያነሧቸውን ሁለት ሴቶች ወንድሜ ቢሰማ ኖሮ፣ ቢያንስ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ እንዳልነበረ ባወቀ ነበር። ከሁሉም በላይ ለሮድሪጌዝ አዘንኩ፤ ለእሷ «ምኑ ነው የበቃሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚጨምረው ነገር አልነበረም፤ በፍርድ ቤት ፊት በግልጽ ተናግራለችና። ስለዚህ የሚጠይቁ ሰዎች ሁሉ በትክክል ያልተደመጡ ናቸው የሚል ሐሳብ ይዤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እተወው ነበር። በሌላ በኩል ሦስት ፊደልን ፈቃድ ብሎ የሚቀበል ሥርዓት ያስፈራኛል፤ ሰው ክፉ ስለሚሆን ሳይሆን እንደ እኔ የደከመ ስለሚሆን ነው።

የሐኪሟን ጥያቄ ለመመለስ፣ ያን ምሽት ከ«በቃኝ» በኋላ የጻፈው ነገር የለም። ነርሷ «የጠየቃት የለም» ያሉትን ሳነብ ግን ያንን ምሽት እንደገና አሰብኩት። መጀመሪያ ላይ ስጽፍ፣ ወንድሜ ቃሉን ሲጨርስ ዓይኑን ከገበታው አንሥቶ ወደ እኔ እንደሚያይ ነግሬያችሁ ነበር። ያን ምሽት አላየኝም። «ኝ» ላይ ከጨፈነ በኋላ ዓይኑን ገልጦ እንደገና ገበታውን ያይ ነበር፤ ገበታውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመጡ ወንድሜ የሚለው ነገር ተጨርሶ እንደነበር አድርጌ ነገርኳቸው፤ ቀጥሎ ምን ሊጽፍ እንደነበር በቀሩት ሁለት ወራት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።